ያልተጨማደደችው መኪና

መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ከዚህ የምጀምረው የዚያን ቀን ሁሉም ሰው ከዚሁ ስለጀመረ ነው፤ እኔም ጭምር። አንድ መብራት ተሰነጠቀ፣ ፓራውልቷ ላይ ትንሽ ቀለም ተላጠ፣ በቃ። የመታችው የድንጋይ ግንብ ግን ተፈረካከሰ። ይህን ለብዙ ሰው በኩራት አውርቼዋለሁ። ያን ያወራሁበትን አፍ ዛሬ በመዶሻ ብመታው ደስ ባለኝ።

ሥራዬ ባትላሜራ ነው። የተጋጨ መኪና ይመጣልኛል፤ ቀጥቅጬ አቃናለሁ፣ እበይዳለሁ፣ ስቱኮ ለቅልቄ ለቀለም ቀቢው አስረክባለሁ። በመካነ ሰላም የእኔን እጅ የማያውቅ ባለመኪና አልነበረም። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ስለዚህ አጻጻፌ የጎረበጠው ሰው ይቻለው፤ ካልቻለው ይተወው።

ስሜን ያስጠራው አንድ ነገር ነው። እነዚህን ትንንሽ የቤት መኪኖች እንቃቸው ነበር። ኮፈናቸውን ከፍቼ ከፓራውልቱ ኋላ ያለውን ብረት ሳይ ሳቄ ይመጣል። ስስ ነው። እሱም አልበቃ ብሎ በየቦታው አጣጥፈውታል፣ ቀዳደውታል። «ፈረንጅ ብረት ቆጠበ» እላለሁ። ፊቱ የተጨማደደ መኪና ሲመጣልኝ የፋብሪካውን ነቅዬ እጥልና ከአሮጌ የጭነት መኪና ሻንሲ የቆረጥኩትን ወፍራም ብረት አጋድሜ እበይዳለሁ፤ ሁለት እግር አውጥቼለትም እስከ ጋቢናው ወለል ድረስ አስረዋለሁ። ከዚያ ቁልፉን ሳስረክብ «ከእንግዲህ ይቺ መኪና አትጨማደድም፤ የሚጨማደደው የመታችው ነው» እላለሁ። ባለቤቱ ይመርቀኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ። ሁለት ደንቆሮ ሲመራረቅ እንዲህ ነው።

ለራሴም ከደሴ አንዲት የተጋጨች ትንሽ መኪና አምጥቼ ሠራሁ። ከሁሉም የባሰውን ብረት ያስገባሁት በእሷ ላይ ነው።

እህቴ ዘሃራ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጥርሴን አልነቀልኩም ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እታለም ነው የምላት። በዚህ ዓለም ላይ የምሰማው ሰው ቢኖር እሷ ነበረች፤ እሷንም ቢሆን ስፈልግ ብቻ።

በነሐሴ ወር ከአቀስታ ወዲህ ባለ የገጠር ቀበሌ የሚኖረው አጎታችን አረፈና ለቅሶ ለመድረስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት ወጣን። እታለም ጋቢና ገባች። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ቀበቶውን ሳስርላት አንገቷ ላይ አረፈ።

«ኧረ አንተ ሰይድ! አንገቴን ሊያርደኝ ነው እንዴ?»

«በብብትሽ ሥር አሳልፊው እንግዲህ።»

«እንዲህ?»

«እንደዚያ። ለትራፊክ ፖሊሱ ዓይን ነው እንጂ ይቺ መኪና ቀበቶ የሚያስፈልጋት አይደለችም።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

መንገድ ላይ ስለ መኪናዋ ሳወራላት ሰለቻትና «ወላሂ፣ ለሚስትህ የዚህችን ግማሽ ብትጨነቅላት ጥላህ አትሄድም ነበር» አለችኝ። እኔ ተቆጣሁ፣ እሷ ሳቀች። ሳቋን አሁን ድረስ አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አልሳቀችም።

ወደ ደጋው ስንወጣ ጉም ወረደ። ነሐሴ ላይ በዚያ አገር ጉም ሲወርድ የገዛ ኮፈንህን ጫፍ ታጣለህ። አዝግሜ እየነዳሁ ነበር፤ ግን አንዲት ቁልቁለት ላይ ትንሽ ከፈት አለልኝና ፍጥነት ጨመርኩ። እዚያ ቁልቁለት ላይ አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ቆሞ ነበር አሉ፣ ሌሊቱን። ሾፌሩ እንደ ወጉ ከኋላው ድንጋይ ደረደረ። ጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩን አላነሳም። እንደ ወጉ።

ድንጋዮቹን ያየኋቸው አፍንጫዬ ሥር ነው። መሪውን ጠመዘዝኩ፤ ጎማው በጭቃው ላይ ተንሸራተተና ከትንሿ ድልድይ ግንብ ጋር ፊት ለፊት ተላተምን።

የግጭት ድምፅ አውቃለሁ። ቆርቆሮ ሲታጠፍ እንደ ሙሾ ይረዝማል። ይሄኛው አጭር ነበር። አንዴ «ዷ!» አለና ዝም። መሪው ደረቴን መታኝ፣ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። እታለም ወደፊት ተወርውራ ተመለሰች። ጭንቅላቷ ምንም አልነካም፣ መስታወቱም አልተሰበረም። ደም የለም።

«እታለም?»

በግራ እጄ ትከሻዋን ነቀነቅኳት።

«እታለም!»

«…አልሃምዱሊላህ። ደህና ነኝ። አንተስ?»

ከመኪናው ወርደን የመኪናዋን ፊት ዞሬ አየሁ። ማመን አቃተኝ። ግንቡ ሦስት ድንጋይ ጥሏል፤ የእኔ መኪና እንዳለች ናት።

ሰዎች ከማሳው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብቅ አሉ። «አላህ አተረፋችሁ!» «እመቤቴ አተረፈቻችሁ!» ይላሉ፤ በእኛ አገር ሁለቱም አብረው ይባላሉ። እታለምን ጋቢ ደርበውላት ድንጋይ ላይ አስቀመጧት። አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ግንቡንና መኪናዋን እያፈራረቁ አዩና ሳቁ።

«ኧረ ይቺስ በሬ ናት! ግንቡን ወጋችው እኮ!»

«እጁ ይባረክ የሠራት» አለ ሌላው።

እኔም «የሠራኋት እኔ ነኝ» አልኩ።

በግራ እጄ ኮፈኑን ከፈትኩላቸው። ብረቱ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደበየድኩት፣ ፋብሪካው ምን ያህል እንደሚያታልል አስረዳኋቸው። ጎንበስ እያሉ በጣታቸው አንኳኩት። እታለም ከኋላዬ ውሃ ጠየቀች፤ አንዲት ሴት አመጣችላት። እኔ ዞሬ አላየኋትም። እንዲህ ስለ ብረት ሳወራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።

ያቺ ውሃ ያመጣችው ሴት ናት እጅጌዬን የጎተተችኝ።

«ወንድሜ፣ እህትህ ትከሻዋን አሞኛል ትላለች። ወጌሻ አስጠርቻለሁ።»

ወጌሻው ጋሽ ይመር ይባላሉ። ቀጭን፣ ዓይናቸው ቀይ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ጎንበስ ብለው ሰላም አሏትና ጠየቋት።

«የቱ ጋ ነው የሚያምሽ፣ ልጄ?»

«ግራ ትከሻዬን።»

ክንዷን አነሱት፣ አዞሩት፣ አውራ ጣታቸውን መጋጠሚያው ላይ አሳረፉ። «ይሄ ያምሻል?»

«አይ። ሲነኩት አይደለም። ስተነፍስ ነው።»

ጋሽ ይመር እጃቸውን አነሱ። «አጥንቱ በቦታው ነው። የማሸው ነገር የለም።» ከዚያ መዳፏን ያዙ። «ይሄ እጅ ለምን እንዲህ ቀዘቀዘ?»

«ብርዱ ነው፣ ጋሽዬ» አልኩ እኔ ከኮፈኑ ሥር።

«ብርዱ ላይ ሁላችንም ነን። ና እስቲ የኔን ንካ።»

ሄጄ ነካሁ። የሽማግሌው እጅ ሞቃት ነው። የእህቴን ነካሁ። ከጉድጓድ የወጣ ድንጋይ ነው። ፊቷን ያየሁት ያኔ ነው፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል፣ ግንባሯ ላይ በዚያ ብርድ ላብ አለ። ጋሽ ይመር በግራ ጎኗ ከጎድን አጥንቷ ሥር ቀስ ብለው ጫን ሲያደርጓት ጮኸች። ቀበቶው ያለፈው በዚያ ነው።

«እኔ አጥንት ነው የማውቀው» አሉ ጋሽ ይመር ወደ እኔ ዞረው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይሄ የአጥንት ነገር አይደለም። ገደል የወደቀ በሬ አይተህ ታውቃለህ? ቆዳው ሳይላጥ፣ ቀንዱ ሳይሰበር፣ ሆዱ ሲከፈት ግን ደም ሞልቶት የሚገኝ?»

አይቻለሁ።

«ሐኪም ቤት አድርሳት። አሁን። መኪናህ ይነሳል?»

ይነሳል! ቁልፉን ስነካው ተነሳ። ራዲያተሩ እንኳ አልፈሰሰም። የማደርገው ጠፍቶኝ «አልሃምዱሊላህ» አልኩ፤ ወዲያው አፈርኩ።

እታለምን ከኋላ አጋደምናት፣ ጋሽ ይመር ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ ይዘው ገቡ። ወደ መካነ ሰላም ዞርን። ጉሙ አልለቀቀም። በተሰበረ እጄ ማርሽ እቀይራለሁ፤ ሕመሙ አይሰማኝም። የሚሰማኝ ጉድጓዱ ነው። ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ያ ወፍራም ብረት ምቱን ሳይቀንስ ተቀብሎ ወደ ወለሉ ያደርሰዋል፣ ከወለሉ ወደ እሷ። ከኋላ ታቃስታለች። በሠራኋት መኪና ውስጥ ሆኜ መኪናዋን ስፈራት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ብፈጥን አናውጬ እገድላታለሁ፤ ብዘገይ ደሟ ያልቃል። ከሁለቱ መሐል የሆነ ፍጥነት እፈልጋለሁ፣ የለም።

«አነጋግራት» አሉኝ ጋሽ ይመር። «እንቅልፍ አይውሰዳት።»

«እታለም፣ አውሪኝ።»

«ምን ላውራህ…»

«የፈለግሽውን።»

«ለቅሶው… ሰው ምን ይላል?»

«ይበል! የፈለገውን ይበል!»

«አትጩህብኝ። ጠማኝ።»

«ውሃ አይሰጣትም» አሉ ጋሽ ይመር። «አብሽሪ ልጄ፣ ደርሰናል።»

አልደረስንም። ግማሹንም አልሄድንም። ቆየት ብላ «ሰይድ፣ ጨለመ እንዴ?» አለች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገና አላለፈም ነበር። ጋሽ ይመርን በመስታወቱ አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ። ከዚያ በኋላ ስጠራት የምትመልሰው በሁለተኛው ነበር፣ ቀጥሎ በሦስተኛው። እየቆጠርኩ ነበር የምነዳው። መካነ ሰላም ስንገባ አምስት ጊዜ ጠርቻት ነው «እ» ያለችው።

ሆስፒታል ደርሰን ተሸክመን አስገባናት። ተረኛው ነርስ ጠየቀኝ።

«ምን ሆነች?»

«መኪና ተጋጭተን ነው።»

«የት አለ መኪናው?»

በመስኮቱ አሳየሁት። አንገቱን አስግጎ አየና «ይሄ? ይሄ እኮ አልተጋጨም። መብራት ነው የተሰነጠቀው» አለኝ። አልፈርድበትም። እኔ ራሴ አንድ ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ነበር ያልኩት። «ደንግጣ ነው፤ ካርድ አውጣና ተራ ጠብቁ» አለ።

ተራ! ወንበሩ ላይ ከፊታችን ሰው ተደርድሯል። እታለም ዓይኗን ገልጣለች፣ ግን አታይም። ጋሽ ይመር ግን በዚያ ጋቢያቸው በሩን ገፍተው ገቡና የአንዲት ሐኪም እጅ ይዘው ወጡ።

ወጣት ናት፤ አነጋገሯ የአዲስ አበባ ነው። የእታለምን የዓይን ቆብ ገልጣ አየች፣ ሆዷን ነካች፣ ፊቷ ተለወጠ።

«በምን ፍጥነት ነበር የምትነዳው?»

«አላውቅም። ቁልቁለት ነበር።»

«ከምን ጋር ነው የተጋጨኸው?»

«ከድልድይ ግንብ።»

እሷም በመስኮቱ አየች። እንደ ሌሎቹ «እንኳን ተረፋችሁ» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም።

«ታዲያ መኪናው ለምን አልተጨማደደም?»

«ብረት… ወፍራም ብረት አስገብቼበት ነው። ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

ቀና ብላ አየችኝ። አልሰደበችኝም፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ነው ያለችኝ፦

«ያ ሁሉ ጉልበት የሆነ ቦታ መግባት ነበረበት እኮ። መኪናው ካልተቀበለው የት የሚገባ መሰለህ?»

ከዚያ ወደ ነርሱ ዞራ ጮኸች። አልጋ መጣ። በአልትራሳውንድ አዩዋት፤ ሆዷ ውስጥ ደም ሞልቷል። ጣፊያዋ ተቀዷል። ኦፕራሲዮን፣ አሁኑኑ። አንድ ወረቀት አመጡልኝ።

«አንብብና ፈርም።»

«አንብቡልኝ» አልኩ።

ነርሱ አነበበልኝ። «ልትሞት ትችላለች» የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ግሪሱ ያልለቀቀውን አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። እህቴ ልትሞት እንደምትችል የተስማማሁበትን ወረቀት አንዲት ፊደል ሳላውቅበት ሰጠኋቸው።

በሩ ተዘጋ። ደም ከእኔም ወሰዱ፣ ሌላም ፈለጉ፤ ጋሽ ይመር እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ዕድሜያቸውን አይተው ከለከሏቸው። ከዚያ ተቀመጥን። ብዙ ጠበቅን። ነጠላ ጫማ የሚጎትት ሰው በመጣ ቁጥር ሊነግሩኝ ነው እላለሁ። አንዴ በሩ ተከፍቶ አንዲት ነርስ እየሮጠች ወጣች፣ እየሮጠች ተመለሰች፤ ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ከዚያች ሩጫ በኋላ ያለውን ጊዜ አላስታውሰውም። ጋሽ ይመር እንደነገሩኝ ወለሉ ላይ ተቀምጬ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» እያልኩ ነበር።

ሐኪሟ የወጣችው ከሰዓት በኋላ ነው።

«ጣፊያዋን አውጥተነዋል። ሁለት የጎድን አጥንቷም ተሰብሯል። ደሙ ቆሟል። ግማሽ ሰዓት ዘግይታችሁ ቢሆን አልደርስላትም ነበር።»

ግማሽ ሰዓት። እኔ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ስለ ብረት አውርቻለሁ። ይህንን ለሐኪሟ አልነገርኳትም። ለእታለምም አልነገርኳትም። ለእናንተ ነው የምነግራችሁ።

በማግስቱ ጠዋት ዓይኗን ገለጠች። ጎንበስ አልኩላት። ድምፅዋ ትንኝ ያህል ነው።

«ሰይድ… መኪናዋስ?»

«ምን?»

«መኪናዋ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«አልሃምዱሊላህ» አለች። ለእኔ አዝናልኝ ነበር፤ ብዙ የደከምኩባት መኪና ናትና። ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ፤ አልቅሼ አላውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት ቀኝ እጄ በጄሶ እንደታሰረ፣ በግራዬ ግራይንደሬን አንስቼ ያንን ብረት ከመኪናዬ ቆርጬ አወጣሁት። ከዚያ ወደ ደንበኞቼ ቤት ለቤት ሄድኩ። «አምጡ፣ ልቁረጥላችሁ፤ የመኪናው ፊት የሚጨማደደው እናንተ እንዳትጨማደዱ ነው፤ ያ ስስ ብረት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው» አልኳቸው። ጥቂቶቹ አመጡ። የሚበዙት ሳቁብኝ። አንዱ «አንተ ሰውዬ፣ መኪናዬን ቆርቆሮ ልታደርግብኝ ነው? ራስህ አይደለህ እንዴ ቆርቆሮ አትግዙ ስትል የኖርከው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ስህተት ስናገር ከተማው ሁሉ አመነኝ፤ እውነት ስናገር ምስክር አጣሁ። አሁን ብረት የሚፈልገው ሁሉ ወደ ሌላ በያጅ ይሄዳል። ይሂድ።

ፊደል የቆጠርኩትም ለዚያ ወረቀት ስል ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ካተምኩበት በኋላ ማንበብ ምን ይጠቅማል? ግን ተማርኩ። በጎልማሶች ትምህርት ክፍል ከእኔ ጋር የተቀመጡት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፣ በእጄ ውፍረት ይስቁ ነበር።

እናንተ አንባቢዎች፣ የምለምናችሁ ጥቂት ነው። የትም ቦታ አደጋ ላይ ብትደርሱ መኪናውን አትዩ። መኪናው ጎበጠ አልጎበጠ አትበሉ፤ የወረደውን ሰው እጁን ያዙት፣ ቀዝቅዞ እንደሆነ እዩ። «ደህና ነኝ» ቢላችሁ አትመኑት፤ እህቴም ደህና ነኝ ብላኛለች። ቀበቶውን በብብታችሁ ሥር አታሳልፉ። አጭር የሆነ ሰው ከሥሩ ትራስ ያድርግና ከፍ ይበል፤ ቀበቶው በትከሻው ይለፍ። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ እናንተ ቶሎ እወቁት።

እታለም አለች። ግን ጣፊያ የሌለው ሰው ትኩሳት ቢይዘው አንድ ቀን እንኳ ቤቱ ማደር የለበትም፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ይምጣ ብላናለች ሐኪሟ። ስለዚህ በየማለዳው፣ ጋራዤን ሳልከፍት፣ ስልክ እደውላለሁ።

«እታለም፣ ግንባርሽን ነክተሻል?»

«ነክቻለሁ። ቀዝቃዛ ነው።»

«በጣም ቀዝቃዛ?»

«ያ አላህ! ሲሞቅም ትፈራለህ፣ ሲቀዘቅዝም ትፈራለህ። ምን ልሁንልህ?»

ትስቃለች። እኔ አልስቅም። አንዳንድ ቀን ስልኳን ቶሎ አታነሳም፤ ላም እያለበች ይሆናል፣ ጎረቤት ሄዳም ይሆናል። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ካልተነሳ ቁልፉን በሩ ላይ ትቼ ወደ ቤቷ እሮጣለሁ።